ለአራት ደቂቃ ባቡር 360 ዶላር?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በኦገስት አጋማሽ ከባለቤቴ፣ ከኢትዮጵያ ሊጠይቁን ከመጡት አማቴ፣ ከ11 ዓመት ሴት ልጄ፣ ከ6 ዓመት ወንድ ልጄና በሴፕቴምበር ሦስት ዓመት ከሚሞላት ትንሿ ልጄ ጋር ወደ ኦርላንዶ ልንሄድና ሁለት ቀን በዩኒቨርሳል መዝናኛ ፓርኮች ልናሳልፍ አስበናል። ትልቋ ልጄ የሃሪ ፖተርን መጻሕፍት አንድም ሳይቀር ጨርሳለች፤ ከሁሉ በላይ የምትናፍቀው ሆግዋርትስ ኤክስፕረስ የሚባለውን ባቡር መሳፈር ነው። ትኬት ልገዛ ስል ግን በቀን አንድ ፓርክ ብቻ በሚያስገባው ትኬት ባቡሩን መሳፈር እንደማይቻል አየሁ። ሁለቱንም ፓርክ የሚያስገባው ለአንድ ሰው 60 ዶላር ያህል ይጨምራል፤ ለስድስታችን 360 ዶላር መሆኑ ነው። ባለቤቴ «በር ላይ ከፍለን ከገባን በኋላ ለባቡር እንደገና መክፈል ዘረፋ ነው» ብሎ አሻፈረኝ አለ። እህቴ በበኩሏ «ከሄዳችሁ አይቀር ወረፋ የሚያስቀረውን ኤክስፕረስ ፓስም ጨምሩበት» ትለኛለች። አማቴ ድሬዳዋ የለገሃር ልጅ ሆነው ያደጉ፣ ባቡር ጠግበው የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ጉልበታቸውንም ስለሚያማቸው ለእርሳቸው አያስፈልግም እላለሁ፤ ለብቻቸው መቅረታቸው ደግሞ ይከብደኛል። ወይ ሁላችንም እንሳፈር ወይ ማናችንም ይቅርብን ብዬ ሐሳቤ ተከፍሏል። ምን ይመክሩኛል?
ሒሳቡ የጠፋባት እናት

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ሰላምታዬ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ይድረስ።

ከሁሉ በፊት ቁጥሩን እናስተካክል። ዩኒቨርሳል ኦርላንዶ ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ትኬት አይጠይቅም፤ የሚታየውም ልጁ ፓርኩ በር ላይ በሚቆምበት ቀን ያለው ዕድሜ ነው። ጉዞው በኦገስት፣ የትንሿ ልጅዎ ልደት ደግሞ በሴፕቴምበር ከሆነ ከሒሳብዎ የሚወጣው የባቡሩ ጭማሪ ብቻ ሳይሆን የእርሷ መግቢያ በሙሉ ነው፤ ባቡሩንም ከእናንተ ጋር ያለ ትኬት ትሳፈራለች። የልደት ወረቀቷን ፎቶ አንሥተው በስልክዎ ቢይዙ ግን አይከፋም። በሌላ በኩል ከ10 ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅ የሚከፍለው የአዋቂ ዋጋ ስለሆነ ትልቋ ልጅዎ እንደ እርስዎ ትከፍላለች። ወንድሟ በልጅ ዋጋ ይገባል፤ ልዩነቱ ጥቂት ዶላር በመሆኑ ግን ብዙ ተስፋ አይጣሉበት። ስለዚህ ከፋዮቹ አምስት ናችሁ፤ 360 ያሉት ወደ 300 ወርዷል ማለት ነው።

ባለቤትዎ «ዘረፋ» ያሉትን ሳልመልስ ብሄድ ደግሞ የቤታችሁን ክርክር እንዳለ ትቼው መሄዴ ነው። ዩኒቨርሳል ኦርላንዶ አንድ ግቢ ቢመስልም ጎን ለጎን ያሉ የተለያዩ ፓርኮች ናቸው። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ፍሎሪዳ የተከፈተው በ1990 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አይላንድስ ኦፍ አድቬንቸር ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1999 ከጎኑ ተከፈተ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው በርና የየራሳቸው ትኬት ተቆጣጣሪ አላቸው፤ በመካከላቸው ያለው ሲቲ ዎክ የሚባለው የምግብ ቤትና የሱቅ ሰፈር ያለ ትኬት ይገባበታል። የሃሪ ፖተር የመጀመሪያው ሰፈር ሆግስሚድ በ2010 በአይላንድስ ኦፍ አድቬንቸር ውስጥ ተሠራ፤ ሁለተኛው፣ ዳያጎን አሊ የተባለው፣ በ2014 በዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ውስጥ ተሠራ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ባቡርም በዚያው ዓመት ሥራ ጀመረ። ነገሩ ሁሉ ያለው ጣቢያዎቹ በተሠሩበት ቦታ ላይ ነው፤ በዳያጎን አሊ በኩል ያለውና የለንደኑን ጣቢያ የሚመስለው ኪንግስ ክሮስ የአንደኛውን ፓርክ በር አልፈው ሲገቡ፣ የሆግስሚድ ጣቢያ ደግሞ የሁለተኛውን በር አልፈው ሲገቡ የሚገኙ ናቸው። በአንዱ ተሳፍሮ ዞሮ በዚያው መውረድ አይቻልም፤ የሚወርዱት ሁልጊዜ በሌላው ፓርክ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጣቢያው መግቢያ ላይ ቆሞ ትኬትዎን የሚያየው ሠራተኛ የሚጠይቅዎ የባቡር ሒሳብ ሳይሆን የሁለተኛውን ፓርክ መግቢያ ነው። ሲቲ ዎክን አቋርጠው በእግርዎ ቢሄዱም ሁለተኛው በር ላይ የሚጠየቁት ይህንኑ ትኬት ነው። በዚያው በኦርላንዶ አካባቢ ያለውን የዲስኒ ወርልድ ሞኖሬል፣ ወይም በ2019 ሥራ የጀመረውንና ስካይላይነር የተባለውን በገመድ ላይ የሚሄድ ማመላለሻ ያለ ትኬት መሳፈር የሚቻለውም ጣቢያዎቻቸው ከፓርኮቹ በር ውጭ ስለሆኑ ነው፤ እዚያ የፓርኩ ትኬት የሚጠየቀው ከወረዱ በኋላ ነው።

ይህን ያልኩት ባለቤትዎ ያለ ምክንያት ተቆጥተዋል ለማለት አይደለም። አንድን ታሪክ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በዚህ በር፣ ግማሹን በዚያ በር ውስጥ ማኖር፣ ልጆች ከሁሉ አብልጠው የሚመኙትን ባቡር ደግሞ ሁለቱንም በር ለከፈለ ብቻ መፍቀድ የታሰበበት ንግድ መሆኑን ማንም ያየዋል። ዋጋው ተደብቋል አልልም፤ እርስዎም ከመግዛትዎ በፊት አይተውታል። እኔን የሚከነክነኝ ይህ ሁሉ ሁለቱንም ፓርክ የሚያስገባው ትኬት በሚጠራባት «ፓርክ ቱ ፓርክ» በምትባል አንዲት ሐረግ ላይ መንጠልጠሉ ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ላልሆነ ወላጅ ይህች ሐረግ «ከፓርኩ እስከ ፓርኩ» እንጂ «ባቡሩን የሚያሳፍረው ትኬት» ብላ አትነበብም። ለሁለት ቀን የሚሸጠው ትኬት ላይ «ሁለት ፓርክ» የሚል አይተው የገዙና በቀን አንዱን ብቻ እንደሚያስገባ ቦታው ላይ ሲደርሱ ያወቁ ሰዎች አውቃለሁ። ስለዚህ ሲገዙ የፓርኮቹን ቁጥር ሳይሆን «በቀን አንድ» የሚለውን ቃል ይፈልጉ፤ እርሱ ካለ ያ ትኬት ባቡር አያሳፍርም።

አሁን ወደ ባቡሩ ልምጣ፤ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ዋጋውን መመዘን አይቻልምና። የእንፋሎት ባቡር መስሎ የተሠራ ይሁን እንጂ የሚጎትተው ገመድ ነው፤ የሠራውም በተራራ ላይ የገመድ ማመላለሻዎቹ የሚታወቀው ዶፔልማየር የተባለ ኩባንያ ነው። ሁለት ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ከሁለቱ ጫፍ ይነሡና ሐዲዱ መካከል ላይ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ይተላለፋሉ። ጉዞው አራት ደቂቃ ያህል ነው። እኔ የእህቴን ልጅ ይዤ ስሳፈር ስምንት ሰው ፊት ለፊት የሚያስቀምጥ ጠባብ ክፍል ውስጥ ገባን፤ በሩ ተዘጋ፤ በመስኮቱ የለንደን ቤቶች ወደ ኋላ መሸሽ ጀመሩ፤ ቀጥሎ ገጠሩ መጣ። መስኮቱ ላይ የማየው የተቀረጸ ምስል መሆኑን አውቃለሁ፤ የምጠብቀውም እርሱን ብቻ ነበር። ያልጠበቅሁት በበሩ በኩል ያለውን ነው። በደብዛዛው የበሩ መስተዋት ላይ የልጆች ጥላ ከውጭ ባለው መተላለፊያ ሲያልፍና ሲነጋገሩ ሲሰማ፣ የእህቴ ልጅ እጄን ጭምቅ አድርጎ ይዞ ድምፁን ዝቅ በማድረግ «ዝም በል፣ ይሰሙናል» አለኝ። ስንመለስ ደግሞ የሚታየው ሌላ ነው፤ ወደ ሆግስሚድ ሲሄዱ ያዩት ወደ ለንደን ሲመለሱ አይደገምም። መጻሕፍቱን አንብባ ለጨረሰች የ11 ዓመት ልጅ አራት ደቂቃው አያጥርም። ላላነበበ አዋቂ ግን በደንብ የተሠራ የአራት ደቂቃ ትርኢት ነው፤ ከዚያ አይበልጥም።

ይህን ካልኩ ዘንድ «ወይ ሁላችንም፣ ወይ ማናችንም» ያሉትን ይተዉት ብዬ ልለምንዎ። ፓርኩ የሚያውቀው አንድ ሰው አንድ ትኬት እንጂ ቤተሰብ አይደለም፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሦስቱ ባለ ሁለት በር፣ ሁለቱ ባለ አንድ በር ትኬት ቢይዙ የሚከለክል ነገር የለም። አንድን ትኬት በየተራ መጠቀም ግን አይቻልም፤ ትኬቱ በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ከያዘው ሰው ጋር ስለሚታሰር አባት የተሳፈረበትን እናት አትሳፈርበትም።

የመግዣው ዘዴም ከዚሁ ይመጣል። ዝቅተኛውን ትኬት ገዝቶ በኋላ ልዩነቱን ከፍሎ ማሳደግ ይቻላል፤ ከፍተኛውን ገዝቶ በኋላ ማውረድና ገንዘብ ማስመለስ ግን የማይታሰብ ነው። ስለዚህ መሳፈሩን ላልቆረጠ ሰው አሁን በቀን አንድ ፓርክ የሚያስገባውን የሁለት ቀን ትኬት ከፓርኩ ከራሱ ይግዙ፤ ከሌላ ሻጭ የተገዛ ትኬት ማሳደግ አንዳንዴ ያንገላታል። በኋላ እሳፈራለሁ ካለ ትኬቱን እዚያ ሲደርሱ በእንግዳ መቀበያው፣ አለዚያም በጣቢያዎቹ አጠገብ ባሉት መስኮቶች ያሳድጋሉ። ቦታው ላይ ሲያሳድጉ ዋጋው በስልክዎ ካዩት ጥቂት ከፍ ሊል ስለሚችል፣ ማን እንደሚሳፈር ከወዲሁ ከቆረጣችሁ የእነርሱን ትኬት አሁኑኑ ሁለቱን ፓርክ የሚያስገባ አድርጎ መግዛቱ ይሻላል። ሐሳቡ ያልቆረጠ ሰው ካለ የሚቆየው የእርሱ ትኬት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ጭማሪው የሚታሰበው በቀን ሳይሆን በትኬት ነው፤ የሁለት ቀን ትኬት ሲያሳድጉ በሁለቱም ቀን ከፓርክ ወደ ፓርክ የመመላለስና ባቡሩን የመሳፈር መብት አብሮ ይመጣል። አንድ ቤተሰብ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጁ ሲያለቅስበት ከከፈለ ያው ገንዘብ ለግማሽ ቀን ብቻ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ የምታሳድጉ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ከኪንግስ ክሮስ ወደ ሆግስሚድ፣ በሁለተኛው ቀን ከሆግስሚድ ወደ ኪንግስ ክሮስ ብትሄዱ ሁለቱንም ትርኢት በሁለት ቀን ከፍላችሁ ታያላችሁ፤ ልጅቷም ሌሊቱን የምትጠብቀው ነገር ይኖራታል።

ማን ይሳፈር? ስለ ትልቋ መነጋገር አያስፈልግም። ስለ ወንድ ልጅዎ ግን ያልጠቀሱትን ልንገርዎ። በዳያጎን አሊ ያለው የግሪንጎትስ መጫወቻ ቢያንስ 107 ሴንቲ ሜትር፣ በሆግስሚድ በኩል ያሉት ሁለቱ ትልልቅ መጫወቻዎች ማለትም የሆግዋርትስ ቤተ መንግሥት መጫወቻና በ2019 የተከፈተው የሃግሪድ ሞተር ብስክሌት 122 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይጠይቃሉ። የ6 ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት በጫማው ሳይሆን በባዶ እግሩ አቁመው ይለኩት። እኅቱ ወደምትገባበት ሁለት ጊዜ «አንተ አትችልም» ለሚባል ልጅ ባቡሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ባቡሩ የቁመት ገደብ የለውምና፤ አብሮት አዋቂ መኖሩ ብቻ ይበቃል። እርሱን አስቀርቶ እኅቱን ብቻ ማሳፈር 60 ዶላር ያድናል፤ እኔ ብሆን ግን በዚህ 60 ዶላር አልቆጥብም።

ስለ አማትዎ የጻፉትን ሳነብ ቆም አልኩ። ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. የጅቡቲው ሐዲድ ሲደርስ በባቡሩ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የለገሃር ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው የባቡርን ፉጨት ከሰዓት ይልቅ ያምነው ነበር። ባቡር ጠግበው ኖረዋልና አያስፈልጋቸውም ብለዋል። ይህን እርሳቸው ነገሩዎት ወይስ እርስዎ ገምተው ነው? እኔ በዚያ ከተማ ያደጉ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ስለ ባቡር ሲያወሩ ሦስተኛ ማዕረግ ላይ የነበረው ወንበር እንኳ አይቀራቸውም። ፓርኩ ውስጥ ካሉት መጫወቻዎች ሁሉ እርሳቸው ተቀምጠው፣ ሳይወረወሩና ሳይገለበጡ፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እኩል የሚካፈሉት ምናልባት ይህ አንዱ ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጣቢያው ላይ ለሠራተኛ ቢነግሩ በሊፍት ያሳልፏቸዋል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ከሆነም ባቡሩ ይቀበላል። በእግር ቢሆን ኖሮ ከዳያጎን አሊ ተነሥቶ፣ በሩን ወጥቶ፣ ሲቲ ዎክን አቋርጦ እስከ ሆግስሚድ መድረስ በፍሎሪዳ የኦገስት ሙቀት ለእርሳቸው ጉልበት ብዙ ነው። ስለዚህ ይጠይቋቸው። አልፈልግም ካሉ ቃላቸውን ያክብሩላቸው፤ ብቻ ወጪውን ከመንገርዎ በፊት ይጠይቋቸው፤ ዋጋውን ከሰሙ የሚሰጡዎት መልስ «ለእኔ ምን ያደርግልኛል» የሚለው እንደሚሆን እርስዎም እኔም እናውቀዋለን።

እንግዲህ ሁለቱ ልጆች፣ አማትዎና አንድ ወላጅ ቢሳፈሩ ጭማሪው 240 ዶላር ነው፤ አማትዎ ከቀሩ 180። የሚቀረው ወላጅ ባለቤትዎ ቢሆኑ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል፤ ያላመኑበትን ነገር እንዲከፍሉ አይገደዱም፣ በመጀመሪያው ፓርክ ትልልቆቹን መጫወቻዎች ልጅ ሳይጠብቁ ይጠቀሙባቸዋል። እርሳቸው የያዙት ትኬት በዚያ ቀን ሁለተኛውን ፓርክ እንደማያስገባ ግን አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ተሳፋሪዎቹ ሌላው ፓርክ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆይተው የሚመለሱ ከሆነ የት እንደምትገናኙና ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ተቆርጦ ይታወቅ። ትንሿ ልጅ ትኬት ስለሌላት ከፈለጋችሁት ወገን ጋር ትሆናለች።

የእህትዎን ምክር ግን አልቀበለውም። ኤክስፕረስ ፓስ ከመግቢያው ሌላ ለየሰው የሚከፈል ነው፤ ዋጋው እንደ ቀኑ ይለዋወጣል፤ በተጨናነቀ ቀን ከመግቢያው ትኬት ሊበልጥ ይችላል። የባቡሩን ወረፋ ቢያሳጥርም ሁለቱን ፓርክ የሚያስገባውን ትኬት አይተካም፤ ያለ እርሱ በኤክስፕረስ ፓስ ብቻ ጣቢያው አያስገባዎትም። ከዚህም ሌላ የእናንተ ጊዜ ለእናንተ ያደላል። የፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች ከኦገስት 10 አካባቢ ጀምሮ ሲከፈቱ የእናንተ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚከፍተው ወደ ወሩ መጨረሻ ነው፤ በመካከል ያለው ሁለት ሳምንት ከበጋው ሁሉ ቀለል የሚልበት ጊዜ ነው። የትኬቱ ዋጋም በቀን ስለሚለያይ ጉዞውን በጥቂት ቀን ማንቀሳቀስ ከቻላችሁ ማክሰኞንና ረቡዕን ከቅዳሜ ጋር አስተያይተው ይመልከቱ። በሩ ከመከፈቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ለአምስት ሰው ከሚገዛ ኤክስፕረስ ፓስ የበለጠ ይጠቅማል፤ ለዚያ ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ባቡሩን ብዙ ጊዜ ይከፍላል። የመኪና ማቆሚያውም በቀን ከ30 ዶላር በላይ ስለሆነ በወጪው ውስጥ ይቁጠሩት።

ርካሽ ትኬት ፍለጋም እንዳትሳሳቱ አደራ። በኦርላንዶና በኪሲሚ መንገዶች ዳር «የተረፈ ቀን ያለው ትኬት» የሚሸጡ፣ ወይም የዕረፍት ቤት ሽያጭ ገለጻ ለማስደመጥ ትኬት በቅናሽ የሚሰጡ ሰዎች ያጋጥሟችኋል። የመጀመሪያው ሰው የተጠቀመበት ትኬት ለሁለተኛ ሰው አይሠራም። ከዚህ ቀደም አንድ አባት ለዚህ ዓምድ ሲጽፉልኝ፣ ከአንድ የመንገድ ሻጭ ለአራት ሰው ገዝተው በር ላይ እንደተመለሱ፣ ሻጩም ስልኩን እንዳላነሣላቸው ነግረውኛል። በዚያ ቀን ሁለተኛ ጊዜ ሙሉ ዋጋ ከፍለው ገብተዋል።

በ2025 ስለተከፈተው ሦስተኛው ፓርክ፣ ስለ ኤፒክ ዩኒቨርስ፣ በአጭሩ ልንገርዎ። እዚያም የሃሪ ፖተር ሰፈር አለ፤ ቦታው ግን ከሁለቱ ራቅ ያለ ስለሆነ ባቡሩ ወደዚያ አይሄድም። ሁለቱን ነባር ፓርኮች የሚያገናኝ ትኬት ሁሉ እርሱን አይጨምርምና በትኬቱ ላይ የተጻፉትን የፓርኮች ስም አንድ በአንድ ያንብቡ። ለሁለት ቀን ጉዞና ለእናንተ ዓላማ እኔ አልጨምረውም።

ምናልባት ተነጋግራችሁ ገንዘቡ አይፈቅድም ብትሉስ? ያም ውርደት አይደለም፤ ከሜሪላንድ እስከ ኦርላንዶ ስድስት ሰው ይዞ መሄድ በራሱ ቀላል አይደለም። ግን ለልጅቷ አሁን፣ ቤት ውስጥ ይንገሯት። ኪንግስ ክሮስ መግቢያ ላይ ጥቁር ካባ የለበሰች፣ በትሯን የያዘች ልጅ ከወላጆቿ ጋር ስትመለስ አይቻለሁ። አባትየው ስልኩ ላይ ያለውን ትኬት ደጋግሞ ያነብባል፤ እናትየው ካባውን ከልጅቷ ላይ ልታወልቅላት ትሞክራለች፤ ልጅቷ ኮፍያውን አጥብቃ ይዛ እምቢ ትላለች። ያች ልጅ ያዘነችው በባቡሩ አይመስለኝም፤ ማንም ስላልነገራት ነው። የ11 ዓመት ልጅ ሒሳብ ይገባታል። «በዚህ ዓመት ሁለቱንም ሰፈር እናያለን፣ ባቡሩን ግን አንሳፈርም» ቢሏት ሳሎን ውስጥ ታለቅስ ይሆናል፤ እዚያ ስትደርስ ግን ያለውን ታያለች። ያለውም ጥቂት አይደለም። በቀን አንድ ፓርክ በሚያስገባው ትኬት በመጀመሪያው ቀን ዳያጎን አሊን፣ በሁለተኛው ቀን ሆግስሚድን ሙሉ በሙሉ ትገባለች። የኪንግስ ክሮስን የፊት ገጽታና ከፊቱ የቆመውን ባለ ሦስት ፎቅ አውቶቡስ፣ በግሪንጎትስ ባንክ ጣሪያ ላይ እሳት የሚተፋውን ዘንዶ ያለ ጭማሪ ታያለች። ሆግስሚድ ሲገቡ ደግሞ ቀዩ የባቡር ሞተር በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ የባቡር ሠራተኛ ልብስ የለበሰ ሰውም አጠገቡ አለ፤ ከእርሱ ጋር ፎቶ መነሣት ትችላለች።

የምትሳፈሩ ከሆነ ደግሞ አንድ የመጨረሻ ነገር ልጠቁምዎ። የመጀመሪያውን ጉዞ ከኪንግስ ክሮስ ጀምሩ ያልኩት በወረፋው መንገድ ላይ ተሳፋሪዎች በጡብ ግድግዳ ውስጥ አልፈው የሚሰወሩ የሚመስሉበት ቦታ ያለው በዚያ ጣቢያ ብቻ ስለሆነ ነው። የሚያልፈው ሰው ራሱ ምንም አያይም፤ ባዶ መተላለፊያ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። የሚያየው ከኋላው ቆሞ የሚጠብቀው ነው። ብዙ ወላጅ ይህን ሳያውቅ ልጆቹን ከፊት አስቀድሞ ይሄዳል፤ ልጆቹም ምንም ሳያዩ ያልፋሉ። ስለዚህ እዚያ ቦታ ሲደርሱ አማትዎን ያስቀድሟቸው፤ እርስዎ ልጆቹን ይዘው ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ይቅሩና፣ አያታቸው ነጠላቸውን እንደለበሱ ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው ሲገቡ ይመልከቱ።